ትእዛዝ የማይቀበል በር

ወሰኑ ቡልቻን የገደለው ውኃ ጠጣህ ብሎ ነው። ሌላ ጥፋት አልነበረበትም። ልጁ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አድሮ፣ ሰኞ ጠዋት የበርሜሉ ክዳን ሳይቆለፍ መቅረቱን አየና እየዳኸ ሄዶ ፊቱን ውኃው ውስጥ ነከረ። ወሰኑ ከኋላው ደረሰ። ከእጁ የማትለይ አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን የውኃ ጎማ ቁራጭ ነበረችው። በመጀመሪያው ምት የቡልቻ አገጭ ከበርሜሉ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። በሁለተኛው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።

«ተቅማጥ የያዘው ሰው ውኃ አይጠጣም ብያለሁ! ብያለሁ ወይስ አላልኩም?» ይለናል በየምቱ መሀል።

«ብለዋል ጋሼ» አልን ሃያ ሦስታችንም። አዎ፣ እኔም ብያለሁ።

ቡልቻ እስከ ረፋድ ቆይቶ ሞተ። የጨረሰው ጎማው ይሁን ጥማቱ አላውቅም፤ ሁለቱም የወሰኑ ነበሩ። ወሰኑ ሬሳውን በሸራ ጠቀለለና ሁለት ልጆች ይዞ በፒካፕ ወጣ። ልጆቹ ሲመለሱ ጥፍራቸው ውስጥ አሸዋ ነበረ። ከሁለቱ አንዱ አበሩ ነው፤ ከአገሩ ጀምሮ ከቡልቻ ጋር የመጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ 1999 ነው፣ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ባልባላ፣ ቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ። ከኦቦክ ወደብ ወደ የመን የሚያሻግረንን ጀልባ ነበር የምንጠብቀው። ሐሙስ ነው ተባለ፤ ንፋስ ተነሣና ለሚቀጥለው ሐሙስ ተባለ። ወሰኑ የግቢው አለቃ፣ ለጀልባው ሰዎች የሚያስረክበንም እሱ ነው። የቀድሞ ወታደር፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ የገዛ አገራችን ሰው። ሃያ ሦስት ሰው አንድ ጎማ የያዘ ሰው እንዴት ይፈራል የሚል አይጠፋም፤ እኔም በሰው አፍ ብሰማው እንደዚያ እል ነበር። እኛ ግን ጎማውን አልነበረም የፈራነው። ሐሙስን ነው። ከእሱ የተጣላ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ብንጮህና ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ እኛኑ ጭኖ ወደ ድንበር ይመልሰናል። የመንን አልፈን ሳዑዲ እስክንገባ ድረስ ማንም ቢመታን ዝም ለማለት የተስማማን ሰዎች ነበርን። አፍ አውጥተን አልተነጋገርንበትም እንጂ ስምምነቱ ይኸው ነበር።

እኔ ፀዳል እባላለሁ። መርሳ ላይ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ቁጡ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «በርበሬ» ይሉኝ ነበር። አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ያን ስሜን ያውቃል፤ ቡርቱካን። አምና ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ሥራዬን ለቅቄ ልሄድ መሆኑን መንደሩ ሲሰማ ቤቴ መጥታ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ተምረው ከሄዱ እኔ ምን እጠብቃለሁ?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ አገኘኋት። እናቷ በስልክ «አደራሽን» አለችኝ። እሺ አልኩ። ያን እሺ በአፌ ስለው እንደዋዛ ነበር፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ግን ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቡርቱካን ጀመራት።

መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ማፈሩንም የማትችልበት ደረጃ ደረሰች። የሚወጣት የሩዝ እጥበት የመሰለ ውኃ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ፤ የእጇን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ተሰብስቦ ቀረ። የእግሯ ጡንቻ ሲይዛት ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። በሽታውን ስሙን ለመጥራት ሐኪም አላስፈለገኝም። ኮሌራ ነው። ደግሞም ከዚያ ግቢ ሁሉ ስለ ኮሌራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ፕሮቲን ካይኔዝ በሚባሉ ኢንዛይሞች ላይ ነው፤ የሴልን የጨው በሮች የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። በተማሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ የለም፣ እኔ ግን አስተምረው ነበር፤ ጉራ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ሜዳ አወጣሁና አሥሩን እጅ ለእጅ አያይዤ አሰለፍኩ። «እናንተ የአንጀት ግድግዳ ናችሁ፤ እያንዳንዳችሁ በር ናችሁ» አልኳቸው። ለቡርቱካን ቾክ ሰጠኋት። «አንቺ ካይኔዝ ነሽ። ቾክ የቀባሽው በር ይከፈታል፣ ጨው ይወጣል፣ ጨው የሄደበት ውኃ ይከተላል። ቾኩ ሲጠረግ በሩ ይዘጋል።» ቾኩ ፎስፌት መሆኑ ነው። ከዚያ እኔ የኮሌራ መርዝ ሆኜ ገባሁ። መርዙ በሩን አይነካም። ለካይኔዟ ትእዛዝ የሚልከውን ይይዝና ዝም እንዳይል ያደርገዋል። ጆሮዋ ሥር ቆሜ «ቀቢ! ቀቢ! አታቁሚ!» እያልኩ ጮህኩባት። ልጅቷ እየሮጠች አሥሩንም ቀባች፤ አሥሩም እጅ ለእጅ ተለቃቀቁ፤ ሜዳው በሳቅ ሞላ።

«ይኸው፣ ሰውየው ደርቆ ሞተ» አልኳቸው። «ውኃ ብቻ ብታጠጡት በተከፈተው በር ይወጣል። ግን አንድ ሌላ በር አለ፤ የስኳር በር። ይኸኛው የካይኔዟን ትእዛዝ አይቀበልም። ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡ ሁለቱንም ይዞ ይገባል፤ ውኃም ተከትሎ ይገባል። ሰውየው በዚያ በር ይድናል።»

ፈተና ላይ ስለ ሁለተኛው በር አብራሩ አልኩ። ቡርቱካን «ቲቸር ሜዳ ላይ እንዳሳዩን ነው» ብላ ብቻ ጻፈች። ከአሥር ሁለት ሰጠኋት።

ያን ጠዋት ወሰኑ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ጎማውን በጨርቅ ይወለውላል።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ውኃ ካላገኘች እስከ ማታ ትሞታለች። ውኃ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር ልስጣት። አስተማሪ ነኝ፣ ይህን ነገር ተምሬዋለሁ።»

«ምን ተማርሽ?»

«ባዮሎጂ።»

ተነሣ። ጎማውን ሳይሆን እጁን ነው ያነሣው፣ በመዳፉ ጀርባ አፌን አገኘኝ። የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ፣ ደሙን ዋጥኩት። ሳልቀና ጎማው ወገቤ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ። መሬት ላይ ሆኜ ፊቱን አየሁ፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። ሥራውን የሚሠራ ሰው ፊት ነው።

«ስሚኝ አስተማሪ» አለኝ። «የሚፈስ ነገር ላይ ውኃ ስትጨምሪ ምን ይሆናል? ይፈሳል። ከተዉት ይደርቃል። ሐሙስ ጀልባ አለ። ልጅቷ ሐሙስ በእግሯ ከቆመች ትሄዳለች። ካልቆመች ቡልቻ ዘንድ ትሄዳለች። ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

እየዳህኩ ወደ ቡርቱካን ተመለስኩ። «ቲቸር፣ ጥርስዎ» አለችኝ። የራሷ ከንፈር ተሰነጣጥቆ የእኔን ጥርስ ታያለች። ያኔ አለቀስኩ፣ ከሕመሙ ሳይሆን ከንዴት።

ጅቡቲ ውስጥ ቀኑ ለሁለት የሚከፈለው በጫት ነው። ጫቱ ከእኛ አገር በአውሮፕላን ይመጣል። ከሰባት ሰዓት በፊት ወንዱ ሁሉ ጥግ ጥጉን ይዞ ይጠብቃል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ መኪናዎቹ ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፣ ከዚያ ከተማው ጉንጩን ወጥሮ ይቀመጣል። ወሰኑም በየቀኑ ስድስት ተኩል ላይ በሩን ከውጭ ይቆልፍና ጥጉ ላይ ሄዶ ይቆማል። ሲመለስ እስከ ምሽት ከክፍሉ አይወጣም። ሌላውን ሰዓት ሁሉ የሚጠብቀን ሰው ያን ሰዓት አይጠብቀንም።

ከቆርቆሮው ማዶ ጀዋሪያ የምትባል የባልባላ ሴት ሻይ ትሸጣለች። አማርኛዋን ከከባድ መኪና ሹፌሮች የተማረችው ነው፤ ስድቡን አስቀድማ፣ ሰላምታውን ኋላ። ጫት ቃሚዎቹ ሲመጡ እንዲደርስላት ያን ሰዓት ላይ ትልቁ ማንቆርቆሪያዋ ፈልቶ ስኳሩ ተከፍቶ ይጠብቃል። ማክሰኞ ወሰኑ እንደወጣ ቆርቆሮው ሥር ባለው ክፍተት ተኝቼ ጠራኋት።

«ጀዋሪያ! የፈላ ውኃ፣ ስኳርና ጨው ስጪኝ። ልጅ እየሞተችብኝ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችኝ። አፌን አየች። «አባዮ፣ ያ ውሻ ነው?» አለች። አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው፤ ውሻውን ግን በአማርኛ ነው ያለችው።

ከበርሜሉ መቅዳት አልፈለግኩም፤ ሁላችንም የምንጠጣው ከዚያ ነው፣ በሽታው የመጣውም ከዚያ መሆን አለበት። ጀዋሪያ የፈላውን ውኃ በአንድ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አብርዳ በክፍተቱ አሳለፈችልኝ። ማንኪያ አላስፈለገኝም። የጠርሙሱ ክዳን አንድ የሻይ ማንኪያ ይይዛል፤ ስድስት ክዳን ስኳር፣ ሳይቆለል፣ ግማሽ ክዳን ጨው። ጨዉን ሦስት ጊዜ ደፍቼ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ጨው ቢበዛ መግደያ ይሆናል።

ቡርቱካን የመጀመሪያዋን ጉንጭ መለሰችው። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩና በክዳኑ አንድ አንድ ጉንጭ ሰጠኋት። ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ፤ አላየንም ለማለት ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ጠርሙስ ጨረሰች። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዓይኗ ገለጥ አለና፣ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ወሬ የለም። ሁለት ጠርሙስ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ፣ ሌሊቱን እየቆፈርኩ ሰጠኋት።

ረቡዕ ጠዋት ወሰኑ ፊቱ ተለውጦ ወጣ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ጓሮ ሲመላለስ አየሁት። ከበርሜሉ አልቀዳም። ሻይም አልጠጣም። እኔ ሞኟ ጫቱ ነው አልኩ፤ አወቅኩ ብዬ የምፎክር ሴት፣ ሰውዬው ፊት ለፊቴ በኮሌራ ሲያዝ አላየሁም።

ስድስት ተኩል ላይ ቆልፎ ወጣ። እኔ ክፍተቱ ሥር ተኛሁ፣ ጀዋሪያ ጠርሙስ ታቀብለኝ ጀመር። ያን ቀን ግን አውሮፕላኑ ዘገየ። ሰባት ሆነ፣ ሰባት ተኩል ሆነ፣ ጥሩምባ የለም። በጅቡቲ ጫት ሲዘገይ ሕፃናት እንኳ ከመንገድ ይገባሉ። ወሰኑ ከነሐራራው ተመለሰ፣ የበሩን ቁልፍ ስሰማ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ከቆርቆሮው ሥር ነበር።

መጀመሪያ የረገጠው የጀዋሪያን እጅ ነው። ጠርሙሱን ይዛ በክፍተቱ ስታሳልፍ በወታደር ጫማው ተረከዝ ቆመበትና ቁልቁል አሸው። ጣቶቿ ሲሰበሩ ሰማሁ። ጩኸቷ ሰፈሩን ሞላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጎማው ጭንቅላቴ ላይ ሲያርፍ ነጭ ነገር አየሁ፣ ሲደግመው የተነቃነቀው ጥርሴ መሬት ላይ ወደቀ። ጠርሙሱን አነሣና ከፍቶ፣ እያየሁት፣ አሸዋው ላይ ደፋው።

«ስታጠጫት ነበር! ስታፈሽብኝ ነበር!»

ቡርቱካንን እግሯን ይዞ ጎተታት። ቀሚሷ ተሰብስቦ፣ ጭንቅላቷ ድንጋዩን እያንኳኳ፣ ወደ በሩ ይጎትታታል። «ሬሳ ጀልባ ላይ አይወጣም! ውጪልኝ!» እጮሃለሁ፣ እግሩን ይዣለሁ፣ ባቱን ነክሼዋለሁ፤ የጫማው ጫፍ ጎኔን አገኘኝ። በሩ ጋ ሊደርስ አራት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ቁጭ ሊል እንደፈለገ ሰው ጎንበስ አለ። የያዘውን እግር ለቀቀ። የራሱ እግር ተጠማዘዘ፣ «እ!» ብሎ ወደቀ፣ ሱሪው በአንድ ጊዜ ራሰ። የሩዝ እጥበት።

መጀመሪያ የተነሣው አበሩ ነው። ሄዶ ጎማውን አነሣ፣ አየው፣ ከዚያ የቡልቻን ስም እየጠራ መታው። ተከታትለው ተነሡ። በጫማ፣ በድንጋይ፣ በሻይ ብርጭቆ። ለሐሙስ ብለው ያጠራቀሙት ዝምታ ሁሉ ያን ሰዓት ወጣ። አልዋሽም፣ እኔም ሁለት ጊዜ ረገጥኩት፤ አንዱን ለጥርሴ፣ አንዱን ለቡርቱካን። ሦስተኛውን ያስቆመኝ ርኅራኄ አይደለም። ቁልፉን ከኪሱ ለማውጣት ነበር።

በሩ ሲከፈት ማንም ወደ ኋላ አላየም። ሰፈሩ ጩኸት ሰምቷል፣ ፖሊስ ይመጣል፤ ሃያ ሰው በአምስት ደቂቃ በባልባላ ቆርቆሮ መሀል ጠፋ። አበሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ነይ እንጂ ቲቸር» አለኝ። ቡርቱካንን አሳየሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ጀዋሪያ የተሰበረ እጇን በሻሿ ጠቅልላ፣ በደህናው ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በበሩ ገባች። ስኳሩንም ጨዉንም ይዛለች። «የአጎቴ ልጅ ታክሲ አለው፣ ሆስፒታል ይወስዳታል» አለችኝ። «ግን ጫቱ ሳይመጣ ሞተሩን አያስነሳም። ዋላሂ፣ እናቱ ብትሞት አያስነሳም። ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ።» ሄደች። ፖሊስም ለካ ጫት ይጠብቃል፤ አንድም አልመጣም።

ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ቀረን። ቡርቱካን በግቢው ዳስ ጥላ ሥር፣ እኔ አጠገቧ፣ ወሰኑ ደግሞ ጎትቼው ከግድግዳው ሥር። ለምን ከፀሐይ እንዳወጣሁት አላውቅም። ማንቆርቆሪያው ሙሉ ነበር፣ ስኳሩ አንድ ኪሎ ይሆናል፣ ጨው አለ። ይህን የምናገረው አልበቃም ነበር እንዳይባል ነው። ለሁለት ሰው አይደለም፣ ለአምስት ይበቃ ነበር።

ለቡርቱካን ሰጠኋት። ወሰኑ ሲያየኝ ቆየ። ፊቱ አብጧል፣ አንዱ ዓይኑ ተዘግቷል፣ የሌላው ዙሪያ ግን ጉድጓድ ሆኗል። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ለእኔ እንዳትሰጪኝ» አለኝ።

መጀመሪያ አልሰማሁትም መሰለኝ።

«ውኃ... ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ። ይደርቃል። ታግሼ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልቀመስኩም። ወታደር ሆኜ አይቻለሁ፣ አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው። ወንዙ ጋ ወርዶ የጠጣ ሁሉ አለቀ። እኔ እግሬ ተመትቶ መውረድ አቃተኝ፤ እኔ ዳንኩ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ለእናንተም ክፉ ሆኜ አይደለም።»

አመንኩት። ይህ ሰውዬ ቡልቻን ሲመታ ሊያድነው እየመታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ለመዳን ደግሞ ራሱን እየገደለ ነው። ምላሴ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ «ውኃው ብቻውን ነው የሚፈሰው፤ ስኳርና ጨው ካለበት በሌላ በር ይገባል።» አሥር ቃል። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ያስረዳሁት ነገር ነው፤ አልገባኝም ላለ ሁለቴ፣ ሦስቴ የደገምኩት።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። «እንዳሉ።»

«ጥሩ ልጅ ነሽ» አለኝ።

ጠርሙሱን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነበር። ጡንቻው ሲይዘው በገመድ እንደሚጎትቱት ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል፤ ተረከዙ መሬቱን ይቆፍራል። ዝንብ አፉ ላይ ያርፋል፣ እፍ ማለት አይችልም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ክንዱን ቆነጠጥኩት፤ ቆዳው ተሰብስቦ ቀረ። የእጁን ትርታ ፈልጌ አጣሁት። አሁን እንኳ ቢሆን ይደረስለታል አልኩ በሆዴ። ከዚያ የጥርሴን ቦታ በምላሴ ነካሁና ጠርሙሱን ሳልከፍት ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እጄን ሳላነሣ፣ የገዛ ትእዛዙን አክብሬ እየገደልኩት ነበር።

«ቲቸር።»

ቡርቱካን ዓይኗን ከፍታ ታየናለች። መቼ እንደነቃች አላወቅኩም።

«ቲቸር፣ ለምን አልነገሩትም?»

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን በር።»

«አልፈልግም አለ። ራሱ ነው ያለው፣ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። እኔም ፈተናው ላይ አልገባኝም ነበር» አለች፤ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች። አልከለከልኳትም፣ ልከለክላትም አልቻልኩም። መቆም አይሆንላትም፣ በክርኗ እየተሳበች፣ እሱ ቅድም በጎተታት መንገድ ወደ እሱ ሄደች። በጆሮው አጠገብ ተኛች።

«ጋሼ ወሰኑ፣ ይስሙኝ። አንጀት ውስጥ በር አለ። ቾክ የሚቀባ ሰው አለ፤ የቀባው በር ይከፈታል። በሽታው ያን ሰውዬ አታቁም ይለዋል፣ ስለዚህ ይቀባል፣ ይቀባል። ለዚህ ነው የሚፈሰው። ልክ ነዎት፣ ውኃ ብቻ ቢጠጡ ይፈሳል። ይኸ ግን ስኳርና ጨው አለበት። በዚያ በር አይሄድም። ሌላ በር አለ፣ ትእዛዝ የማይቀበል። እኔ በዚያ ነው የዳንኩት። ይዩኝ፣ ሽንቴ መጥቷል።»

አንድም ነገር አልዘለለችም። ያን ፈተና እንደገና ባርመው ከአሥር አሥር ነው።

ወሰኑ የቀረችውን ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ። ይመስለኛል ገባው። አፉን ከፈተ፣ ጥርሱን ነክሶ የዋለው ሰውዬ አፉን ከፈተ። ቡርቱካን በክዳኑ አንድ ጉንጭ አፈሰሰችለት። በከንፈሩ ጥግ ተመልሶ ወጣ። ሌላ ጨመረች፣ እሱም ወጣ። መዋጥ አቅቶት ነበር። አንገቱን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በዚያ በደከመ ክንዷ፣ ደጋግማ ሞከረች። እኔ ከቦታዬ አልተነሣሁም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ጥሩምባው ተሰማ። ጫቱ ገባ። ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ ሰው ይሮጣል፣ ይስቃል። ወሰኑ በዚያ ጩኸት መሀል ሞተ። ቡርቱካን ዓይኑን በመዳፏ ከደነችው፣ ክዳኑን ጠርሙሱ ላይ መልሳ ጠመዘዘችው፣ የተረፈውን ራሷ ጠጣችው። መኖር ፈልጋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ታክሲው መጣ። ሆስፒታል ስንደርስ በሁለቱም ክንዷ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ጀዋሪያ ጣቶቿ በጄሶ ታሽገው እያስተረጎመችልን ነው። ነርሷ ወጣት ናት፣ ስለ ጠርሙሱና ስለ ክዳኑ ስትሰማ ተገረመች፤ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች በፈረንሳይኛ ጠየቀች።

«ይህን ማን አስተማረሽ ትልሻለች» አለች ጀዋሪያ።

ቡርቱካን ወደ እኔ አልዞረችም። ጣራውን እያየች፣ በዚያ ለአስተማሪ በሚገባው አክብሮት፣ ጠፍቶባት በማያውቀው፣ መለሰች።

«ቲቸር ናቸው ያስተማሩኝ። ለሁሉም ሰው ግን አያስተምሩም።»

ነርሷ ፈገግ ብላ ትርጉሙን ጠበቀች። ጀዋሪያ አየችኝና ወደ ፈረንሳይኛ ሳትመልሰው ቀረች።